ክረምት በጥር ወር

በአገራችን ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃውና የወንዙ ሙላት ይታሰባል፤ ኅዳር ሲገባ ግን ሰማዩ ጠርቶ፣ እህሉ ታጭዶ፣ በጋ ይሆናል። እኔና ባለቤቴ በምንኖርበት በኖርዌይ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኅዳር የጨለማ መግቢያ፣ ታኅሣሥ የጨለማ መካከል ነው። በዚያ ወር በኦስሎ ከተማ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሳይሞላም ትጠልቃለች። ስድስት ሰዓት እንኳ የማይሞላ ቀን ነው፤ እርሱንም አብዛኛውን ጊዜ ደመና ይወርሰዋል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኛ ከዝናም ጋራ የሚወርደውን ጠጠር፣ ውሃ ረግቶ የሚሠራውን ድንጋይ፣ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውንም ነጭ ነገር ሁሉንም በረዶ እንለዋለን። መጻሕፍት ግን ለዚህ ለመጨረሻው አመዳይ የሚል ስም አላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአመዳይ ውስጥ ኑሬ በትክክለኛ ስሙ አለመጥራት ነውር ስለ መሰለኝ፣ በዚህ ጽሑፍ እንዲሁ እጠራዋለሁ።

ባለቤቴ የከተማውን የምድር ውስጥ ባቡር ይነዳል። እኔ በመዋዕለ ሕፃናት ሠራተኛ ነኝ። አንዲት ልጅ አለችን፤ እርሷም ወደ ትሮንድሃይም ከተማ ለትምህርት ከሄደች በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ፣ የማኅበራችን ሽማግሎችና ሁለት የአገሩ ልጆች በራችንን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ እንግዳ የሚያመጣውን ወሬ የማያውቅ ሐበሻ የለም። የባለቤቴ እናት በጎጃም፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለው መንደራቸው ዐርፈው፣ መርዶው እኛ ዘንድ ሲደርስ ከተቀበሩ አምስት ቀን ሁኗቸው ነበር።

ለቅሶ ተቀመጥን፤ ሰው መጣ፣ ምግብ መጣ፣ ድንኳን ባይኖርም በአንዲቱ ጠባብ ሳሎን ውስጥ እስከ ሠላሳ ሰው ተጨናንቆ ዐደረ። ባለቤቴ ግን አላለቀሰም። እህቱ ከአገር ቤት ደውላ የቀብሩን ሥነ ሥርዓት ልትነግረው ስትጀምር «ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ» ብሎ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። አርባው ወጣ፤ ሌላው ጊዜ አልመጣም። ከሥራው ይመለሳል፣ ራቱን ይበላል፣ መብራቱን ሳያበራ በመስኮቱ ፊት ይቀመጣል። ስጠይቀው ይመልስልኛል፤ ካልጠየቅሁት ግን ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አይወጣውም። ወደ ሐኪም ሄደን ነበር። ሐኪሙ ጠይም ሰው በዚያ አገር የክረምት ብርሃን ለሰውነቱ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ በበቂ ማግኘት እንደማይችል አስረዳንና የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘለት፤ ደግሞም በቀን ብርሃን ከቤት እንዲወጣ መከረው። መድኃኒቱን ዋጠ። ከቤት ግን አልወጣም።

እኔ በስኪ መሄድን የተማርሁት ከአምስት ዓመት ሕፃናት ነው። በዚያ አገር መዋዕለ ሕፃናት ልጆቹን በብርድ ምክንያት ቤት ውስጥ አይዘጋባቸውም፤ መጥፎ ልብስ እንጂ መጥፎ አየር የለም ይላሉ። ስለዚህ ልጆቹ በየሳምንቱ ወደ ጫካ ሲወጡ እኔም እከተላቸዋለሁ። ስኪ የሚለው ስም በጥንት ቋንቋቸው የተፈለጠ እንጨት ማለት ነው፤ እንግዲህ በእኛ አነጋገር ፍልጥ ብንለው አያሳፍርም። ቍልቍለት ሲገጥም የሁለቱን ፍልጦች ጫፍ ከፊት አቀራርቦ፣ ኋላቸውን ከፍቶ፣ በውስጠኛው ጠርዝ አመዳዩን እየፋቁ መግታት ነው፤ ይኸንን አገዳደብ ማረሻ ይሉታል። ሕፃናቱ «ማረሻ አድርጊ! ማረሻ!» እያሉ ሲጮኹብኝ፣ በመንዝ በሬ ጠምዶ ያረጀው አባቴ ቢሰማ ምን ይል ነበር ብዬ ለብቻዬ ስቄ ዐውቃለሁ።

ለእነዚህ ሕፃናት በየዓመቱ የሚነገራቸው አንድ ታሪክ አለ። በ1206 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት በታመሰችበት ጊዜ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላውን የንጉሥ ልጅ ሆኮንን ጠላቶቹ እንዳያገኙት፣ ሁለት ታማኝ ወታደሮች በክረምት ማዕበል ውስጥ አዝለውት በስኪ ተራራ አሻገሩት። ሕፃኑ አደገና በ1217 ዓ.ም. ነገሠ። እናቱ ኢንጋም በዚያ ስደት አብራው ነበረች። ሥዕሉን ስታዩ ግን ሁለቱ ሰዎችና ሕፃኑ እንጂ እናቲቱ የለችበትም፤ ይኸ ሁልጊዜ ይቈጨኛል።

በጥር ወር ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ እንደ ወጣን ባለቤቴን «ና፣ አንተ በየቀኑ የምታደርሳቸው ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ እንይ» አልሁት። እርሱ የሚነዳው አንደኛው መስመር ከከተማው ወደ ሆልመንኮለንና ወደ ፍሮግነርሰተረን ኮረብታ የሚወጣው ነው። በክረምት ባቡሩ ስኪ ይዘው በሚቆሙ ሰዎች ይሞላል፤ ከእነርሱም ውስጥ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አሉ። ባለቤቴ ለዐሥር ዓመት አድርሷቸዋል፤ ከመጨረሻው ጣቢያ ባሻገር ግን አንድ እርምጃ አልተራመደም ነበር። እንዳላዝንበት ብሎ ተነሣ። የክት ልብሳችንን ለውጠን፣ ከሥር የበግ ጠጉር ልብስ ለብሰን ሄድን። ጥጥ በዚያ አገር ጠላት ነው፤ ላብ ይመጥጥና ቀዝቅዞ ገላ ላይ ይጣበቃል። የመንዝ ሰው ባናውን ለምን እንደሚወድ አባቴ ሳያስረዳኝ ኖርዌዮች አስረዱኝ።

ጫካው ኑርድማርካ ይባላል። ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ይጀምርና ለብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ቤት እንዳይሠራበት በ2009 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ሊሄድበት ይችላል። መንገዱን በ1883 ዓ.ም. የተቋቋመ የስኪ ማኅበር በመኪና እየደመደመ ለሁለት ፍልጥ የሚሆን ሁለት ቦይ ያወጣለታል፤ የስኪው መንገድ ምልክቱ ቀይ፣ የበጋው እግር መንገድ ሰማያዊ ነው። ለሥራተኛ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ግን በብዙ ስፍራ መብራት የተተከለ መሆኑ ነው፤ ከሥራ በኋላ በጨለማም ይኬዳል።

ባለቤቴ በመጀመሪያው እሑድ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ አልቈጠርሁም። ወድቆ ሲነሣ ግን ፊቱ ላይ ቍጣ አየሁ፤ ቍጣውም ደስ አሰኘኝ፤ ከሁለት ወር በኋላ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር ነበርና። ዳግመኛ እሑድ ሳልጠይቀው ጫማውን አወጣ። እንዲህ እያልን ከሶግንስቫን ሐይቅ ተነሥተን እስከ ኡሌቮልሴተር ደርሰን መመለስ ጀመርን። ብዙ አንነጋገርም ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ቦይ ፊትና ኋላ ሁኖ ዝም ማለት፣ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ዝም ከማለት ይለያል።

ከምእመናኑ መካከል አንዳንድ እኅቶች ነገሩን ሰምተው አልወደዱትም። ገና ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቍር ሳይወልቅ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት ምን ይባላል አሉ። አልተከራከርኋቸውም። በልቤ ግን እንዲህ አልሁ፤ በአገራችን ኀዘንተኛ ለብቻው አይተውም፤ ጧት ማታ ሰው ይመጣል፣ እርሱም ወደ ሌላው ለቅሶ በእግሩ ይሄዳል፣ ጎንበስ ብሎ አፈር ይነካል፣ ይጮኻል። እዚህ ያ ሁሉ በሦስት ቀን ያልቃል፤ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። ታዲያ የቀረው ከሚስቱ ጋራ ጫካ መሄድ ከሆነ ምኑ ያስነውራል? ሮቤል ተክለ ማርያም በ2006 ዓ.ም. በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በስኪ ሲወዳደር እነዚሁ እኅቶች አጨብጭበው ነበር።

በሚያዝያ መግቢያ ላይ የኖርዌዮች ፋሲካ መጣ። በዚያ ዓመት የእነርሱ ፋሲካ በእኛ ሆሣዕና ላይ ዋለ። አገሩ ሁሉ በዚያ ሳምንት ሥራ ይተዋል፤ ብርቱካንና ቸኮላት ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል። እኛም ዕረፍት ስለ ነበረን ረቡዕ በባቡር ወደ ፊንሰ ሄደን ቅዳሜ ልንመለስ፣ እሑድ ሆሣዕናን ከቤተ ክርስቲያናችን ልንውል ቈረጥን። በከረጢታችን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዝን። ቸኮላቱ ወተት አለበትና ለጾም አይሆንም፤ ብርቱካኑ ግን ማንንም አያስገድፍም።

ፊንሰ ከኦስሎ ወደ ቤርገን በሚወስደው፣ በ1909 ዓ.ም. በተከፈተው የባቡር መስመር ላይ ያለች ጣቢያ ናት። የመኪና መንገድ አይደርስባትም። ከፍታዋ 1,222 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ በግማሽ ያህል ዝቅ ትላለች ማለት ነው፤ ነገር ግን ወደ ሰሜን ዋልታ ከመቅረቧ የተነሣ አንዲት ዛፍ አይበቅልባትም። ከባቡሩ ስንወርድ ያየነው ነጭ ሜዳ፣ ነጭ ኮረብታና ከዚያ በስተ ጀርባ ሃርዳንገርዮኩለን የሚባለውን ጀርባው እንደ ተኛ በሬ የሆነ የበረዶ ግግር ነበር። ባለቤቴ ከረጢቱን ሳያወርድ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ተመለከተው።

በዚያ አገር ተራራ ለሚወጣ ሰው የተደነገጉ ዘጠኝ ምክሮች አሉ። በ1967 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን 18 ሰዎች ከሞቱ በኋላ በየቤቱ እንዲታወቁ ተደረገ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቋቸዋል። ወዴት እንደምትሄድ ለሰው ንገር፣ የአየሩን ትንቢት ስማ፣ ካርታና ኮምፓስ ያዝ የሚሉት በውስጡ ይገኛሉ። ስምንተኛው በጊዜ ተመለስ፤ መመለስ አያሳፍርም የሚል ነው። ዓርብ ጧት ከማረፊያው ስንወጣ ስማችንንና መንገዳችንን በመዝገብ ጻፍን። ነፋስ ወደ ማታ እንደሚነሣ ተነግሮ ነበርና እስከ ቀትር ተመልሰን ለመግባት አሰብን።

የረጋውን ሐይቅ ተሻግረን ወደ ግግሩ ግርጌ አመራን። መንገዱን የሚያሳዩት በአመዳዩ ላይ ተራ በተራ የተተከሉ ቀጫጭን በትሮች ናቸው፤ አንዱ ጋ ሲቆሙ የሚቀጥለው እንዲታይ ሁነው ተቀራርበው ተተክለዋል። አየሩ ብሩህ ነበር። ባለቤቴ ከፊት ይሄድ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆመና ወደ ኋላ ዞሮ፣ ሳልጠይቀው፣ እንዲህ አለኝ፤ «የጮቄ ራስ በውርጭ ነጥቶ ሲያድር እንዲህ ነበር የሚመስለው። እናቴ በጧት ቀስቅሳ ታሳየን ነበር። ጋቢውን ለብሶ ተነሥቷል ትለን ነበር።»

ከኅዳር ወዲህ እናቴ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው። ተንቀሳቅሼ እንዳላስደነግጠው ፈርቼ ዱላዬን ተደግፌ ቆምሁ። እርሱም «እስከ ግርጌው እንድረስ፤ በእጄ ልንካው» አለ፤ ፍልጦቹንም ወደ ፊት ሰደደ።

ጥቂት እንደ ሄድን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልና ሚስት ከላይ ሲወርዱ አገኘናቸው። ሽማግሌው ሰላምታ ሰጡንና በዱላቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። በኮረብታው ጫፍ ላይ አመዳዩ እንደ ጭስ ይነሣ ነበር፤ ከዚያ በላይ ሰማዩ ከምድሩ ጋራ አንድ ቀለም ሁኗል። «ቀድሞ መጣ፤ እኛ እየተመለስን ነው» አሉና ዐለፉ። ገና አምስት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ግግሩ በፊታችን ነበር፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የባለቤቴን ጀርባ አየሁ። አምስት ወር ሙሉ አንድ ነገር እንዲሻ ለምኜ፣ እነሆ ዛሬ ሻ። ይኸን አንዱን ነገር አሁን ልከለክለው ነው። እውነቱን ለመናገር ነፋሱን ከመፍራቴ ይልቅ ያንን ፈራሁ፤ ተመልሶ በመስኮቱ ፊት እንዳይቀመጥ።

«እንመለስ» አልሁት።

«ደርሰናል እኮ፤ አይታይሽም?»

«ይታየኛል። የሚያስፈራኝ መድረሻው አይደለም፤ መመለሻው ነው።»

መልስ አልሰጠኝም። ወደ ግግሩ አየ፣ ወደ ምዕራብ አየ፣ ወደ እኔም አየ። ከዚያም «አንቺ ካልሽ» አለና ፍልጦቹን እያነሣ አዞረ። ቅር መሰኘቱን አልሸሸገም።

ሽማግሌዎቹ ካለፉን ሩብ ሰዓት ሳይሆን ነፋሱ ደረሰ። አስቀድሞ በእግራችን ሥር እንደ ጎርፍ ሄደ፤ ቀጥሎ እስከ ወገብ፣ ከዚያም ከራሳችን በላይ ሆነ። ያን ጊዜ ያለው ነገር ጨለማ ሳይሆን ነጭነት ነው፤ ላይና ታች፣ ዳገትና ቍልቍለት አይለይም፤ ቆመህ ሳለህ የምትወድቅ ይመስልሃል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ ብርድ በሰኮንድ 15 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ሲመታ በገላ ላይ ከዜሮ በታች 22 ያህል ሁኖ ይሰማል። የባለቤቴ ቅንድብና ጺም በአንድ ጊዜ ነጣ።

በትሮቹ ተሰወሩብን። ስለዚህ እንዲህ አደረግን፤ እኔ በትሩን ይዤ እቆማለሁ፣ እርሱ ወደ ፊት ሄዶ ቀጣዩን ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ይጠራኛል፣ እኔም በድምፁ እሄዳለሁ። ካላገኘ በራሱ ፍልጥ ፋና ወደ እኔ ይመለሳል። ጊዜ የምለካበት ሌላ ነገር ስላልነበረኝ «ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እስክደግም ካልሰማሁህ እኔ እጠራሃለሁ» አልሁት። በዚህ ዐይነት ከበትር ወደ በትር ሄድን። ስንት በትር እንደ ሆነ አላውቅም።

በአንደኛው ላይ ግን ቈየ። ሦስቱን ደገምሁ፤ ጠራሁት፤ ነፋሱ ድምፄን ከአፌ ነጠቀው። ዳግመኛ ሦስት ደገምሁ። በትሩን ልቀቂና ፈልጊው የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ጓንቴ በትሩ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ጨብጬ ቆምሁ። ከዚያ በኋላ ነው ድምፁን የሰማሁት፤ ከፊቴ ሳይሆን ከግራዬ በኩል። ስሜን አልጠራውም፤ ዜማ አድርጎ ሳበው እንጂ። የደጋ ሰው በገደል ማዶ ያለውን ሰው የሚጠራበትን አጠራር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የስሙን መጨረሻ ፊደል እያስረዘሙ፣ ቃሉ ነፋስ ላይ እንዲንሳፈፍ አድርገው ነው። እንዲያ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር በዚያ ድምፅ መጥራት የሚያስፈልግ ርቀት በመካከላችን አልነበረም።

በድምፁ ሄድሁ። መንገዱ በዚያ ላይ ወደ ግራ ይታጠፍ ኑሮ እርሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሁለት ጊዜ ባዶ ተመልሶ፣ በሦስተኛው ነበር ያገኘው። ከዚያ ጀምሮ በየበትሩ እንዲያ ጠራኝ። ሐይቁን እየተሻገርን ሳለን የባቡር ጥሩምባ ሰማን። በመጣንበት አንድ ሰዓት ተኩል፣ በተመለስንበት ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጅቶ ማረፊያው ደረስን። በመዝገቡ ላይ የቀረው የሁለታችን ስም ብቻ ነበር፤ አስተናጋጇ እንዳየችን ብዕሯን አንሥታ ሰረዘችው።

ጫማውን ላወጣለት ስጎነበስ «ያ አጠራር የእናቴ ነው» አለኝ። «ከብት ይዤ ገደል ማዶ ስሆን፣ ሲመሽ እንዲያ ትጠራኝ ነበር። ዛሬ ከአፌ ሲወጣ የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም።» ይኸን ብሎ ጓንቱን ከጉልበቱ ላይ አኖረና አለቀሰ። ሰዉ በሙሉ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጦ ነበር፤ ኖርዌዮች የሰው ኀዘን ሲያዩ ዐይናቸውን መመለስ ያውቃሉ። በሶውን በሙቅ ውሃ በጥብጬ ሰጠሁት፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስለ እናቱ ነገረኝ፤ ከነገረኝም ውስጥ በሃያ ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ብዙ ነበረ።

ነፋሱ ቅዳሜም አልቆመም፤ የባቡሩ መስመርም ተዘጋ። እሑድ እነርሱ ዕንቍላላቸውን ሲሰባብሩ፣ የበግ ሥጋቸውን ሲቈርሱ እኛ ዳቦና ብርቱካን በላን። ሆሣዕና አመለጠን። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተከፍቶ ኦስሎ የደረስነው በሌሊት ነው። ከእነዚያ ቅር ከተሰኙት እኅቶች አንዲቱ ዘንባባ በከረጢት አድርጋ በበራችን እጀታ ላይ አንጠልጥላልን አገኘን።

ባለቤቴ ዘንባባውን እንደ ያዘ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ወደ አገር ቤት ደወለ። ያ ሰዓት እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እህቱ ከእንቅልፏ ባንና «ማን ሞተ?» ስትል ድምፅዋ እስከ እኔ ተሰማ።

«ማንም አልሞተም፤ የእማዬን ቀብር ንገሪኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አላት።

እኔ የረጠበውን ልብስ ላሰጣ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።